ይቅናህ የማይባልበት ቤት

በለንደን ወይም በኒውዮርክ ቲያትር ቤት፣ መጋረጃው ሊከፈት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከመድረክ ጀርባ ገብቶ ተዋናዩን «ይቅናህ!» ያለ ሰው፣ ለሙያው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። የቤቱ ሰው እንዲህ አይልም። የቤቱ ሰው «እግርህን ስበር!» ይላል። የተባለውም አይቀየምም፤ ፈገግ ብሎ ወደ መብራቱ ይወጣል።

ለእኛ ጆሮ ነገሩ ይከብዳል። በአማርኛ «ምነው ያን ቀን እግሬን በሰበረው!» የሚል ሰው፣ ባልሄድኩ ብሎ የሚጸጸት ሰው ነው፤ «እግርህ ይሰበር» ደግሞ የለየለት እርግማን ነው። ያም ሆኖ አመሉ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ያማረ ሕፃን አይተው «እንትፍ እንትፍ» የሚሉ እናቶች ባሉበት አገር፣ ደስ ያለን ነገር በግልጽ ማወደስ ዓይን ይጠራል የሚለው ስጋት ማብራሪያ አያሻውም። ተዋናዮቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሰሙን እርግማን፣ ወርቁን ምርቃት አደረጉት።

አባባሉ ከየት መጣ ሲባል ግን ሁለት ታሪክ አለ። አንዱ ከመድረክ ጀርባ ቡና እየተጠጣ የሚወራው ነው፤ ሌላው ወረቀት ላይ የተገኘው። የሚወራው ሁልጊዜ ያምራል፤ የተጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ከጥንቱ ልጀምር፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወሬው እስከ ጥንታዊት ግሪክ ይዘልቃል። የአቴና ተመልካች በጭብጨባ ፋንታ መሬቱን በእግሩ ይደበድብ ነበርና፣ ጨዋታው እጅግ ካማረ እግር እስኪሰበር ይረገጣል፤ ምርቃቱም ከዚያ መጣ ይባላል። ከዚያ ሁለት ሺህ ዓመት ዘሎ የሼክስፒር ዘመን ለንደን ላይ ያርፋል። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ ስቦ ሌላውን ከጉልበት አጥፎ እጅ መንሣት «እግር መሥራት» ይባል ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ብዙ የተጨበጨበለት ተዋናይ ብዙ ጊዜ ይታጠፋል፤ «እግርህን ስበር» ማለትም «ደጋግመህ እጅ ንሣ» ነው፣ ይላሉ። ያምራል። ችግሩ ከሼክስፒር በኋላ በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት፣ ደብዳቤና ማስታወሻ መጻፍ የማይሰለቻቸው፣ አንዱ የሌላውን ሐሜት መዝግቦ የማይጠግበው የእንግሊዝ ተዋናዮች በዚህ ቃል ሲመራረቁ የሚያሳይ ጽሑፍ አለመገኘቱ ነው።

የሼክስፒር ዘመን አስተላልፎልናል የሚባል ሌላ ክልክልም አለ። «ማክቤዝ» በ1606 አካባቢ ተጻፈ፤ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው፣ ጠንቋዮች ድስት ጥደው ሟርት የሚያማስሉበት ያ ተውኔት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተዋናዮች ቲያትር ቤት ውስጥ፣ ከልምምድና ከትርኢት ውጪ፣ ስሙን አይጠሩም፤ «የስኮትላንዱ ተውኔት» ብለው ያልፉታል። አምልጦት የጠራ ሰው ከክፍሉ ይወጣል፤ በቆመበት ሦስት ጊዜ ይሽከረከራል፤ ይተፋል፤ አንድ ስድብ ይሳደባል፤ ከዚያ በሩን አንኳኩቶ እንዲያስገቡት ይለምናል። ምክንያቱን ብትጠይቋቸው የሃል በሪጅን ታሪክ ይነግሯችኋል። በዚያ ዘመን የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ሌዲ ማክቤዝን ሊጫወት የነበረው ሃል የመጀመሪያው ትርኢት በተከፈተበት ቀን በትኩሳት ተይዞ ሞተ፤ እርግማኑ ከዚያ ቀን ጀመረ። ሃል በሪጅን እዚህ ላይ እንተወው፤ በኋላ እንገናኛለን።

በፓሪስ የሆነው ግን ወሬ አይደለም። በየካቲት 17 ቀን 1673 ሞሊየር «ምናባዊው በሽተኛ» የተባለውን ተውኔቱን ለአራተኛ ጊዜ ሊጫወት መድረክ ወጣ። ገጸ ባሕርዩ ሳይታመም ታምሜያለሁ የሚል ሰው ነው፤ ተጫዋቹ ግን በእውነት ሳንባውን ታሞ ነበር። በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ በሳቅ ሊሸፍነው ሞከረ፤ ትርኢቱን ጨረሰ፤ ቤቱ ተወስዶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞተ። የተቀመጠበት ወንበር ዛሬም በኮሜዲ ፍራንሴዝ ተጠብቆ ይታያል። ያን ምሽት አረንጓዴ ለብሶ ነበር ተባለና አረንጓዴ ቀለም በፈረንሳይ መድረክ የተፈራ ሆነ። ጣሊያኖች ደግሞ የሚፈሩት ሐምራዊን ነው፤ የዐቢይ ጾም የቤተ ክርስቲያን ቀለም ስለሆነ፣ በጾሙ ቲያትር ቤቶች ይዘጉ ስለነበር፣ ለተዋናይ ሐምራዊ ማለት አርባ ቀን እንጀራ የለም ማለት ነበር። ከሁለቱ የጣሊያኖቹ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ሆድ የወለደው ፍርሃት ዕድሜ አለው።

ከእንግሊዝ መድረክ የተሰበረ እግር ከተፈለገ ደግሞ በ1766 አንድ እናገኛለን። ሳሙኤል ፉት በለንደን የታወቀ ቀልደኛ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ ሥራው ሰው መቅዳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ተውኔቱ የደብሊኑን አሳታሚ ጆርጅ ፎክነርን ከነአነጋገሩ፣ ከነእንጨት እግሩ መድረክ ላይ አውጥቶ አስቆበታል፤ ሰውየውም ከሶታል። በየካቲት 1766 ፉት ከመኳንንት ጋር ገጠር ሄዶ ሳለ፣ የንጉሡ ወንድም የዮርክ ዱክ ባለበት ፈረስ አዋቂነቱን ሲጎርር ቆየ። እንግዳውን ሊሳለቁበት ፈልገው ኃይለኛውን የዱኩን ፈረስ ሰጡት። ፈረሱ ወረወረው፤ እግሩ ክፉኛ ተሰበረ፤ ሐኪሙ ቆረጠው።

ዱኩ በነገሩ ተጸጸተና ለካሣ የሚሆን ነገር ከንጉሡ ዘንድ አስገኘለት፤ በሄይማርኬት ቲያትር በበጋ ወራት ተውኔት የማሳየት ንጉሣዊ ፈቃድ። በለንደን እንዲህ ያለ ፈቃድ የነበራቸው ሁለት ቲያትር ቤቶች ብቻ በነበሩበት ጊዜ ይህ የወርቅ ጉድጓድ ነበር። ፉት የእንጨት እግሩን ተክሎ ተመለሰና በ1768 «በሁለት ምርኩዝ የቆመ ዲያብሎስ» የሚል፣ በ1770 ደግሞ «አንካሳው አፍቃሪ» የሚል ተውኔት ጽፎ ራሱ ተጫወተባቸው። የፎክነርን የእንጨት እግር የቀለደ ሰው በራሱ የእንጨት እግር ገንዘብ ሠራ። ለ«እግርህን ስበር» ከዚህ የተሻለ መነሻ ታሪክ ልፍጠር ብል አልችልም፤ እግሩን ሰብሮ ቲያትር ቤት ያገኘ ሰው! የፉት ዘመን ሰዎች ግን ታሪኩን እየተቀባበሉ ሲያወሩት ኖሩ እንጂ ምርቃት አላደረጉትም።

የሚቀጥለው መቶ ዓመት የቲያትር ቋንቋ እንደ እንጉዳይ የፈላበት ነው። የመድረክ ሥዕሎች በገመድ ከላይ የሚወርዱና የሚወጡ ሆኑ፤ ገመድ የሚያውቅ ደግሞ መርከበኛ ነው። ከባሕር የተመለሱ መርከበኞች በየቲያትሩ ጣሪያ ላይ ተቀጠሩ ይባላል፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩትም እንደ መርከቡ በፉጨት ነበር። አንዲት ፉጨት «ልቀቀው» ማለት ናትና፣ ከታች ሆኖ ዘፈን ያፏጨ ተዋናይ አንድ ሙሉ ደን ወይም ግማሽ ቤተ መንግሥት አናቱ ላይ ሊያወርድ ይችላል። ዛሬም ከመድረክ ጀርባ ማፏጨት ነውር ነው። ፈረንሳዮቹ ይባስ ብለው «ገመድ» የሚለውን ቃል ራሱን ከቲያትር ቤት አባረሩት። ጣሪያው በሙሉ ገመድ፣ አፉ ላይ ግን አንድም ገመድ የለም።

ለንደኖች የላይኛውን፣ የርካሹን ሰገነት «አማልክቱ» አሉት፤ ለጣሪያው ቅርብ፣ ለመድረኩ ሩቅ የሆነ መቀመጫ። ፓሪሶች ያንኑ «ገነት» አሉት። ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ተዋናዮች «ሙቱ ዛሬ ይራመዳል?» ተባባሉ። ሙቱ የሐምሌት አባት መንፈስ ነው። ደመወዙ የዘገየበት ቡድን ውስጥ የሙቱን ሚና የያዘው ሰው «ካልተከፈለን ሙቱ አይራመድም» ብሎ አመፀ የሚል ቀልድ ተያይዞበታል። መድረክ ላይ ሳቅ ያመለጠው ተዋናይ ደግሞ «ሬሳ ሆነ» ይባላል፤ ሬሳ ሆኖ ተጋድሞ ሳለ ሳቁን መያዝ ካቃተው ሰው የመጣ ነው ይላሉ።

በዚሁ መቶ ዓመት ነው ፓሪስ ላይ የፋንድያው ምርቃት በቀለ የሚባለው። የፈረንሳይ ተዋናይና በተለይ ዳንሰኛ ከመድረክ በፊት የሚባለው «መርድ!» ነው፤ ቃሉን ወደ አማርኛ ስመልሰው በጨዋ አማርኛ ሰገራ ነው። ፈረንሳዮች በአደባባይ ሲያፍሩ «የካምብሮን ቃል» ይሉታል፤ በ1815 ዋተርሉ ላይ እጅህን ስጥ የተባለው ጄኔራል ካምብሮን መልሶላቸዋል ከሚባለው ቃል የተነሣ። የቲያትሩ ማብራሪያ ግን ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከጎዳና ነው፦ ሀብታሙ ተመልካች በሠረገላ ይመጣል፤ ባለቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲስቅ ፈረሶቹ ደጅ ቆመው ፋንድያቸውን ይጥላሉ። ደጁ ላይ ብዙ ፋንድያ ካለ አዳራሹ ሞልቷል ማለት ነው። እንግዲህ «ብዙ ፋንድያ!» ማለት «ቤቱ ይሙላልህ!» ነው። ስፔኖችና ፖርቱጋሎችም «ብዙ»ውን ጨምረው እስከ ዛሬ ይሉታል። የእኛ ቋንቋ የከብቱን እበት፣ የፈረሱን ፋንድያ ብሎ ስለሚለይ ምርቃቱ በአማርኛ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ ፋንድያ ካለ ፈረስ አለ፣ ፈረስ ካለ ባለ ፈረስ አለ። ለዚህ ምርቃት አይመሰገንም። «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው ዕድሉን አፈሰሰው ማለት ነው።

አትላንቲክን ስንሻገር ታሪኩ ይከብዳል። ግንቦት 10 ቀን 1849 በኒውዮርክ ሁለት ተዋናዮች፣ እንግሊዛዊው ማክሬዲና አሜሪካዊው ፎረስት፣ ተፎካካሪ ሆነው በ«ማክቤዝ» ምክንያት ደጋፊዎቻቸው አስተር ፕሌስ ላይ ተጋጩ፤ ወታደር ተኮሰ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። የስኮትላንዱ ተውኔት ስም ይበልጥ ጠቆረ። ሚያዝያ 9 ቀን 1865፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በሚያበቃበት ሰሞን፣ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ከግንባር ወደ ዋሽንግተን በመርከብ ሲመለሱ አብረዋቸው ለነበሩት ሰዎች ከሼክስፒር አነበቡላቸው፤ ያነበቡትም ከማክቤዝ ንጉሡ ከተገደለ በኋላ ያለውን ክፍል ነበር፤ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከአምስት ቀን በኋላ፣ በአገራቸው የስቅለት ዓርብ ምሽት፣ ፎርድስ ቲያትር ገቡ።

ገዳያቸው ከቲያትር ቤተሰብ የተወለደ ነው። ጆን ዊልክስ ቡዝ 26 ዓመቱ ነበር፤ መልከ መልካም፣ ዝነኛ፤ በኅዳር 1864 ከወንድሞቹ ከኤድዊንና ከጁኒየስ ጋር ኒውዮርክ ላይ «ጁሊየስ ቄሳር»ን በአንድ መድረክ ተጫውቷል። ፎርድስ ቲያትርን እንደ ቤቱ ያውቀዋል፤ ደብዳቤው እንኳ የሚመጣለት በዚያ ነበር። ያን ምሽት የሚታየውን ቀልድ፣ «አሜሪካዊው ዘመዳችን»ን፣ በቃሉ ያውቀዋል፤ አዳራሹ በሳቅ የሚፈነዳው የትኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እንደሆነም ያውቃል። መድረኩ ላይ አንድ ተዋናይ ብቻውን ሆኖ ያን ዐረፍተ ነገር ሲናገር፣ ሳቁ ሲነሣ፣ ቡዝ ተኮሰ። ከፕሬዚዳንቱ ሰገነት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ታች ወደ መድረኩ ዘለለ፤ የጫማው መውጊያ ከሰገነቱ በተሰቀለ ባንዲራ ተያዘና ተንጋድዶ ወረደ። በላቲን አንድ ቃል ጮኸ፤ ከኋላ ወዳዘጋጀው ፈረስ ሮጠ። ብዙዎች መጀመሪያ የትርኢቱ አካል መስሏቸው ነበር።

የግራ እግሩ አጥንት ተሰብሯል። ሲዘል እንደተሰበረ ራሱ በማስታወሻው ጽፏል፤ ከታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ግን በኋላ ፈረሱ ሲወድቅ ነው የተሰበረው፣ ለዝናው ሲል ዋሸ የሚሉ አሉ፤ ተዋናይ ነውና አይፈረድባቸውም። ዶክተር ሳሙኤል መድ የተባለ የገጠር ሐኪም ጫማውን ቀድዶ እግሩን አሰረለት። ቡዝ ሚያዝያ 26 ቀን ቨርጂኒያ ውስጥ በተቃጠለ የትምባሆ ጎተራ ተተኩሶበት ሞተ።

እንግዲህ በአሜሪካ «እግርህን ስበር» የሚባለው ከቡዝ ነው የሚል ብዙ ሰው ታገኛላችሁ። እኔ አላምንም። የቲያትር ሰው ያን ሌሊት ሊረሳው እንጂ ሊመርቅበት አልፈለገም። ፎርድስ ተዘጋ፤ ተዋናይ መሆን ብቻውን ያስጠረጥር ጀመር፤ የሀገሩ ታላቅ ተዋናይ የነበረው ወንድሙ ኤድዊን እስከ ጥር 1866 ድረስ ከመድረክ ራቀ። ደግሞስ ማን ለሚወደው ጓደኛው «እንደ ነፍሰ ገዳዩ ሁን» ይለዋል? ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታው ነው፤ ምርቃቱ ከቡዝ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ በጽሑፍ አይታይም።

ሃል በሪጅን ቀጠሮ ሰጥቼው ነበር። በ1898 ማክስ ቢርቦም የተባለ እንግሊዛዊ የቲያትር ሐያሲና ቀልደኛ ስለ ማክቤዝ ሲጽፍ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ስም የልጁን አሟሟት ጠቀሰ። ያ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈም፤ ቢርቦም ፈጥሮት ነበር። የሦስት መቶ ዓመት እርግማን የሚባለው የአንድ ጋዜጣ ጽሑፍ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ተዋናዮች ግን ይህን ካወቁ በኋላም ስሙን አይጠሩም።

የእውነተኛው አባባል ፍለጋ የሚያደርሰን ወደ ሰማይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አብራሪዎች ከእንጨትና ከሸራ በተሠሩ አውሮፕላኖቻቸው ሲነሡ የሚባባሉት «አንገትና እግር ይሰበር!» ነበር። ለእነርሱ ይህ የቃል ጌጥ አይደለም፤ እግር ብቻ ተሰብሮ መመለስ በእውነት ዕድል ነበር። የጀርመን መርከበኞችም በተመሳሳይ «ምሰሶና ገመድ ይሰበር!» ይሉ ነበር። አደጋ ሊመጣ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ስሙን ቀድሞ ይጠራዋል፤ የተጠራ አደጋ ያፍራል ብሎ ይሆናል።

ከአብራሪዎቹ በስተጀርባ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ሳይኖር አይቀርም። የጀርመን አይሁዶች በዪዲሽ «ሃትስሎኸ ኡን ብሮኸ» ይመራረቁ ነበር፤ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን ስኬትና በረከት ማለት ነው። ዕብራይስጥ የማያውቅ ጀርመናዊ ጆሮ ይህን «ሃልስ» እና «ብሩኅ»፣ ማለትም አንገትና ስብራት ብሎ ሰማው የሚሉ የቋንቋ ሰዎች አሉ። ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የዕብራይስጡ «ብራኻ» የእኛው «በረከት» ዘመድ ነው፤ በእስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም ልጃቸው ለፈተና ወይም ለውትድርና ሲሄድ «በሃጽላኻ!» የሚለውን ምርቃት በየቀኑ ይሰሙታል። ግምቱ ልክ ከሆነ፣ ነገሩ ሲጀመር ጥርት ያለ ምርቃት ነበር፤ እርግማን ያደረገው የሰሚው ጆሮ ነው።

በዚያው ጦርነት መካከል፣ በየካቲት 1915፣ ቦርዶ ላይ የዘመኑ ታላቅ ተዋናይት ሳራ በርናርድ ቀኝ እግሯ ተቆረጠ። ከአሥር ዓመት በፊት ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ «ላ ቶስካ»ን ስትጫወት በመጨረሻው ትዕይንት ከግንብ ዘላ ጉልበቷን ጎድታ ነበር። 70 ዓመት አልፏት፣ በአንድ እግር፣ በወንበር እየተሸከሟት ግንባር ላሉ ወታደሮች ተጫወተች። ምርቃቱ የእርሷ ነው የሚሉም አሉ፤ ለእርሷ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ፈረንሳዮች ዛሬም ፋንድያ ይላሉ እንጂ እግር አይሉም።

ወረቀቱ የሚናገረው በጥቅምት 1921 ነው። ሮበርት ሊንድ የተባለ ከቤልፋስት የመጣ ጸሐፊ በለንደኑ «ኒው ስቴትስማን» መጽሔት ላይ ስለ አጉል እምነት ጻፈ። በእንግሊዝ አገር ከፈረስ እሽቅድምድም ቀጥሎ እንደ ቲያትር አጉል እምነት የበዛበት ቤት የለም አለ። ቀጠለና የፈረስ ሰዎችን አመል ነገረን፦ ይቅናህ ማለት በእነርሱ ዘንድ ክፉ ስለሆነ የሚሻለው ሰውየውን መስደብ፣ ለምሳሌ እግርህን ስበር ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ተዋናዮቹ አላሉትም። ያሉት ፈረስ የሚያስሮጡት ናቸው። የፉት ፈረስ ትዝ ይለኛል፤ ግን ምንም ማስረጃ የለኝምና ልተወው።

ከፈረስ ሜዳ ወይም ከጀርመን ሰማይ ወደ ኒውዮርክ መድረክ በምን እንደተሻገረ ሲገመት፣ ብዙዎች ወደ አይሁዳውያን የቲያትር ሰዎች ይጠቁማሉ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ ኒውዮርክ የገቡት፣ ከዪዲሽ መድረክ ወደ ብሮድዌይ የተሻገሩት። ደስ የሚል ግምት ነው፤ በረከት ከዪዲሽ ወደ ጀርመንኛ ስብራት፣ ከጀርመንኛ ስብራት ተመልሶ በዪዲሽ ተናጋሪዎች እጅ ወደ እንግሊዝኛ።

በ1937 ለንደን የማክቤዝን እርግማን አድሳው ነበር። ሎረንስ ኦሊቪዬ በኦልድ ቪክ ማክቤዝን ሊጫወት በዝግጅት ላይ ሳለ ከላይ የወረደ ከባድ የመድረክ ክብደት ለጥቂት ሳተው፤ በመክፈቻው ዋዜማ፣ ኅዳር 25፣ የቲያትር ቤቱ ነፍስ የነበረችው ሊሊያን ቤይሊስ ሞተች። ቢርቦም የፈጠረው ልጅ አሁን እውነተኛ ሬሳ አገኘ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1939፣ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኤድና ፈርበር የሕይወት ታሪኳን አሳተመች። ከጆርጅ ካውፍማን ጋር ብዙ ተውኔት ጽፋለችና ብሮድዌይን ከውስጥ ታውቀዋለች። ስለ ልምምድ ስትጽፍ የኋለኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁትን ተተኪ ተዋናዮች ታሳየናለች፤ በጨዋነት ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ዋናዎቹ ተዋናዮች እግራቸው በተሰበረ እያሉ የሚመኙትን። እዚህ ምንም ሰምና ወርቅ የለም። ተተኪው የሚፈልገው እውነተኛ ስብራት ነው፤ ያኛው ካልወደቀ እርሱ አይወጣም። የሙያውን ቅናት በአንድ ረድፍ ወንበር ላይ ያስቀመጠችው ፈርበር ናት፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለእኔ እውነት እውነት የሚሸተኝም ይኸኛው ነው።

በመጨረሻ በ1948 በርናርድ ሶቤል፣ የብሮድዌይ የማስታወቂያ ሰው፣ ባሳተመው የቲያትር መመሪያ መጽሐፍ ላይ ቃሉ በዛሬ ትርጉሙ ይታያል፦ ተዋናዮች ከትርኢት በፊት መልካም ዕድል አይባባሉም፤ እግርህን እንድትሰብር እመኛለሁ ይባባላሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በአንድ የዌስት ቨርጂኒያ ጋዜጣም ይኸው ልማድ ተጠቅሷል። በ1921 የፈረስ ሰዎች ስድብ፣ በ1939 የተተኪዎች ክፉ ምኞት፣ በ1948 የባልንጀራ ምርቃት። 27 ዓመት ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት የግሪክ ታሪክ ጋር ሲተያይ ያሳፍራል።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ቲያትር ቤቱን ለቅቆ ወጣ፤ ፈተና ለሚቀመጥ ተማሪም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚሄድም ይባል ጀመር። ሌሎቹ ቤቶች ግን የየራሳቸውን ይዘው ቆዩ። የጣሊያን ኦፔራ ዘፋኝ «ተኩላ አፍ ውስጥ ግባ!» ሲባል «ተኩላው ይፈንዳ!» ብሎ ይመልሳል። በጀርመን ኦፔራ ቤቶች «ቶይ ቶይ ቶይ!» ይባላል፤ በግራ ትከሻ ላይ ሦስት ጊዜ የመትፋት ድምፅ ነው፤ የእኛ እናቶች ቢሰሙት ማስተርጎም አያስፈልጋቸውም። አውስትራሊያዎች «ቹካስ!» ይላሉ፤ አዳራሹ ከሞላ ተዋናዩ ዶሮ ይበላል ከሚል የመጣ ነው ይባላል፤ እዚያ ዶሮን «ቹክ» ይሏታል።

ሚያዝያ 19 ቀን 2001 ብሮድዌይ ላይ በሴንት ጄምስ ቲያትር የሜል ብሩክስ «ፕሮዲዩሰሮቹ» ተከፈተ፤ 12 የቶኒ ሽልማት የወሰደ ሙዚቃዊ ቀልድ ነው። ታሪኩ ሆን ብለው የሚወድቅ ተውኔት አሳይተው ገንዘብ ሊበሉ ያሰቡ የሁለት አጭበርባሪዎች ነው። በመክፈቻው ምሽት አንደኛው፣ ገሩ ሊዮ፣ ለተዋናዮቹ መልካም ዕድል ይመኝላቸዋል። የቲያትር ሰዎቹ ይደነግጣሉ፤ በዚህ ምሽት እንዲህ እንደማይባል፣ እግርህን ስበር እንደሚባል ያስተምሩታል። ይህን የሰማው ሁለተኛው አጭበርባሪ ማክስ ትርኢቱ እንዲወድቅለት ይፈልጋልና፣ እየዞረ ባገኘው ድምፅ ሁሉ «ይቅናችሁ! ይቅናችሁ!» እያለ ይጮኻል። መሪ ተዋናዩ ጀርመናዊው ፍራንዝ ምርቃቱን ተቀብሎ ይወጣል። ከመጋረጃው ጀርባ ከባድ ነገር ሲወድቅ ይሰማል። ፍራንዝ እግሩን ሰብሯል። ሌላ ሰው ስለሌለ ቃለ ተውኔቱን በሙሉ የሚያውቀው አዘጋጁ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ አዳራሹም በሳቅ ይፈነዳል።